በኒምራ ታላታ ላይ ስላለፈው ጄት

ለተከበሩ የተዋጊ ጄት መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ጁባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ለጆሮዎ መልካም ጤንነትን እመኛለሁ። እኔ እዚሁ ጁባ፣ አማራት ሰፈር ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት ያለኝ ኢትዮጵያዊው ታዲዮስ ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ ከጄት ሻጮቹ እንግዶችዎ ጋር በረንዳዬ ላይ ጥብስ ሲበሉ ያስተናገድኩዎ እኔ ነበርኩና፣ ቤቴን ስላከበሩልኝ አመሰግናለሁ። የምጽፍልዎ በዚያው የምሳ ሰዓት ለማሳያ ተብሎ በጣሪያችን ልክ ስለበረረው ጄት ነው።

አንደኛ፣ በማግስቱ በሬዲዮ ቀርበው፣ የመኖሪያ ሰፈራችን የኒምራ ታላታ ነዋሪዎች ጄቱን ሲያዩ ከደስታ ብዛት መሬት ላይ ተደፍተው እጅ በመንሳታቸው አመስግነዋል። ምስጋናዎ ደርሶናል። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ ያ ሁሉ ሰው እጅ መንሳቱ አልነበረም፤ በጦርነት ያደገ ሰው የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ በሆዱ መተኛትን ከልጅነቱ የተማረ ስለሆነ ነው። ባለቤቴ ማርቲም የዚሁ አገር ልጅ ናት። ከቦምብ ሸሽታ ጋምቤላ በስደተኞች መጠለያ አድጋ፣ ሰላም ሆነ ሲባል የተመለሰች ናት። ግቢያችን ውስጥ ልብስ ስታሰጣ ድምፁ መጣባት፤ እንደተማረችውም በሆዷ ተጣለች። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

ሁለተኛ፣ ሆስፒታል ውስጥ ስትነቃ አለፈ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሐኪሙ የነገሯት መስሎኝ፣ እጇን ይዤ አዎ አለፈ አልኳት። እፎይ ብላ ፈገግ አለች። ለካ የጠየቀችኝ ስለ አውሮፕላኑ ኖሯል። ያንኑ ቃል እንደገና፣ አሁን ስለ ልጃችን፣ መናገር ነበረብኝ። ክቡርነትዎ በንግግር የተካኑ ሰው ነዎትና፣ እንዲህ ያለው ቃል እንዴት እንደሚነገር ቢያስተምሩኝ ኖሮ ባለውለታዎ እሆን ነበር። እኔ አቃተኝ። አለቀስኩ፤ እሷም ከለቅሶዬ ተረዳችው።

ሦስተኛ፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነና የአቤቱታዬን አድራሻ አጣሁ። ሻጩ በምሳው ላይ እንዳስረዱን፣ የጄቱ ሞተር በአንድ አገር፣ ክንፉ በሌላ፣ ጎማው በሌላ የሚሠራው የየአገሩ የምክር ቤት ሰዎች ለመራጮቻቸው የሥራ ዕድል ይዘው እንዲገቡ ነው። ግዥው ከተፈረመ ለእኛም ከጁባ ወጣ ብሎ ረጃፍ ላይ ብሎን መሥሪያ ይከፈትልናል ብለዋል። ሁሉም እንዲህ ተካፍሎ ሲበላ ደስ ይላል። ልጄን የነጠቀኝን ድምፅ ግን የሠራው የትኛው አገር እንደሆነ የነገረኝ የለም። የብሎኑን ሥራ ለሌላ ሰፈር ይስጡልን፤ የእኛ ድርሻ ደርሶናል።

ማርቲ እስካሁን ወደ ግቢ አትወጣም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ተወዳዳሪው ጄት በተራው ለማሳያ ሲበር፣ እጇን ይዤ ቤት እንድቀመጥ እባክዎ ቀኑን አስቀድመው ይንገሩኝ።

ከምስጋናዎ ክብደት የተነሣ ቀና ማለት ያቃተው፣
ዘወትር አክባሪዎ
ታዲዮስ

ማሳሰቢያ፦ ለጄቱ ጥሩ ስም ያወጣ ነዋሪ እንደሚሸለም በሬዲዮ ሰማሁ። እኛ ቤት ማንም ያልተጠራበት አንድ የወንድ ልጅ ስም አለ። አልሰጥዎትም።