የሚያኮርፍ ፍላሽ

መጋቢት 16

ከሥራ መልስ ካሜራዬን ሞከርኩት። ፍላሹ አንዴ ይበራል፣ አንዴ ያኮርፋል። ነካ ሳደርገው ደግሞ ይበራል። ምን ሆነ?

የሟች ወንድሜ ልጅ ሜይታል በመጪው ሳምንት ታገባለች። ፎቶውን የማነሳው እኔ ነኝ።

እማዬ ለፔሳሕ፣ ለእኛ ለአይሁድ ፋሲካ፣ ጽዳት ብላ ቤቱን ገልብጣዋለች። መቀመጫ ስለሌለ ቆሜ ነው የምጽፈው።

መጋቢት 17

ልጄን ኮቢን አማከርኩት። እንደ ልማዱ ዕብራይስጥ እየቀላቀለ «አባ፣ ሐቫል ነው፣ አትድከም፣ ጣለው። በስልክ አንሳ፣ እሺ፣ ቤሰደር?» አለኝ።

ቤሰደር አይደለም! ሙሽሮቹን የሚመርቁት የእኛው ቄስ ዓለምነው ናቸው። ዘጠና አልፏቸዋል፣ ታመውም ከርመዋል። እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁ ፍላሹ ቢያኮርፍስ? «ይድገሙልኝ» ይባላል እንዴ?

መጋቢት 19

ሄርዝል ጎዳና ላይ አንድ የካሜራ ጠጋኝ አገኘሁ። ሳይከፍተው «ወደ ፋብሪካ ይላካል፣ ከፔሳሕ በኋላ ና» አለኝ። ከሰርጉ በኋላ ምን ሊያደርግልኝ?

ልሽጠው ይሆን?... ሥራ ቦታ፣ ቢሉ ሴንተር የገበያ ማዕከል፣ ቀኑን ሙሉ ካርቶን ስገፋ በስሜ የሚጠራኝ የለም። ሰርግ ቤት ግን «አያናው፣ ና! አያናው፣ እኛንም!» ነው። እሱን ላጣው ነው ብዬ ፈራሁ። አዎ፣ ፈራሁ።

መጋቢት 21

ጉድ ነው የዛሬው!

ከሥራ ስገባ እማዬ ካሜራውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በጨርቅ ታሸዋለች። ፍላሹ የሚሰካበትን ብረት!

«እማዬ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዘይት ላስነካው ነዋ፣ እንዳይዝግ። አገር ቤት ማጭዱንም ቢላዋውንም ስብ አስነክተን አይደል የምናስቀምጠው?»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጽዳቱን ከጀመርኩ ወዲህ። የልጄ ዕቃ አይደል?»

ካሜራውን ቀስ ብዬ ከጭኗ ላይ አነሳሁት። መኝታ ቤት ገብቼ ዘይቱን ከብረቱ ላይ በአልኮል ጠረግሁት፣ ብረቱን በላጲስ አሸት አሸት አደረግሁት። ፍላሹን ሰካሁ... በራ። ደገምኩ... በራ! ብቻዬን እንደ እብድ ሳቅሁ። እፎይ! ጠጋኝ የለ፣ ፋብሪካ የለ።

መጋቢት 24

ነገ ነው። ዛሬም ሞከርኩት። በራ።

መጋቢት 26

ሜይታልን ትናንት ዳርናት። ቄስ ዓለምነው ድምፃቸው ደክሟል፣ ምርቃታቸው ግን አልደከመም። ፍላሹ አንዴም አላኮረፈም። «አያናው! አያናው!» ሲሉኝ አመሹ። ለሌላ ሰርግም ጠሩኝ... ደስ ብሎኛል።

ጠዋት እማዬ ፎቶዎቹን አየችና «ይኸው! ዘይቱ ነው ያዳነው» አለች። «ልክ ነሽ፣ እማዬ» አልኳት። ምን ልበላት?

ካሜራውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ለእሷ የኮቢን ብስክሌት ሰጠኋት፣ ሰንሰለቱን ዘይት እየቀባችው ነው።

ኮቢ «ብስክሌቴ እንዲህ ለስልሶ ሄዶልኝ አያውቅም» ይላል።