የማታዋ እፍኝ

ለምወድህ ልጄ ለሳንጋ፤ የዴልሂ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በደብዳቤህ "ለቤተክርስቲያን ሲተርፋችሁ ስጡ" ያልከውን ለአባትህ ነገርኩት። "የእግዚአብሔር ድርሻ ድስቱ ሳይጣድ ነው የሚነሳው" ብሎ ተቆጣ። እኔም ለቤተክርስቲያን የማስቀምጣትን እፍኝ ሩዝ አላቋረጥኩም፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ።

ትናንት ሩዙን ለቤተክርስቲያን ከየቤቱ የምትሰበስበው እትዬ ቻሚ መጥታ፣ "ቢያኪ፣ ሰሞኑን ማታ ማታ ከቤትሽ ጭስ አላይም፤ እፍኝሽ ግን አልጎደለም" አለችኝ።

"ሽማግሌ ራት ይከብደዋል" አልኳት።

አባትህም ከጓዳ ሆኖ፣ "ቀለል ብሎኝ ነው የማድረው" አላት። ሩዙን ይዛ ሄደች።

ሥራ እስክታገኝ ስለ እኛ አታስብ። ያሳደገህ አምላክ ከሙቀቱም ከክፉ ሰውም ይጋርድህ። አንተ ግን ራትህን እንዳትዘል።

እናትህ ቢያኪ