ዜሮ ነው ያልኩሽ ቀን

ውድ ታላቅ እህቴ፣ ባጂ ቡሽራ፣

አርብ ከካራቺ በባቡር እንደምትገቢ እናታችን አሚ ነገረችኝ። ይህ ደብዳቤ ከመነሳትሽ በፊት እንዲደርስሽ በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ። ለምን አልደወለም እንዳትዪ። ስደውል ድምፅሽን እንደሰማሁ አፌ ይተሳሰርና መልሼ «ደህና ነው» እንደምልሽ ራሴን አውቀዋለሁ። በስልክ መዋሸት ለምዶብኛል።

ለምን እንደምትመጪ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ልጅሽ አያን ከሞተ አራት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንቺም «አሁን ላየው እችላለሁ» ብለሻል። ባጂ፣ እኔ ዘንድ ያስቀመጥሻቸው የአያን ቪዲዮዎች ጠፍተዋል። ከሁለት መቶ አሥራ ስድስቱ የተረፈው አንድ ብቻ ነው። መርዶውን እዚህ መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት፣ ወደ ታች ባወርደው እስከዚያ ድረስ ተስፋ እያደረግሽ እንዳታነቢ ብዬ ነው። አሁን እንዴት እንደጠፉ ልንገርሽ።

ስልክሽን ይዘሽ የመጣሽበትን ቀን አስታውሺ። የአያን አርባ ካለፈ ሳምንት አልሞላውም ነበር። ስልክሽ በየጠዋቱ «የዛሬ ሁለት ዓመት በዚህ ቀን» እያለ ፊቱን ያወጣብሽ ነበር። ስልኩን ጭኔ ላይ ጣልሽው።

«ዋሲፍ፣ ይኼን ነገር ከኔ አርቅልኝ። ግን እንዳይጠፋ።»

«የኔ ማሽን ውስጥ ከገባ አይጠፋም።»

«ማልልኝ።»

«አሚ ትሙት!»

ከዚያ አዋቂነቴን ላሳይሽ፣ ፋይል በማስቀምጥበት ኮምፒውተር ዲስኮች ልክ አምስት የሻይ ብርጭቆ ደረደርኩ። «አራቱ ዲስኮች ፋይል ይይዛሉ። አምስተኛው የአራቱን ድምር ብቻ ይይዛል። አንዱ ቢሞት ከድምሩ ላይ የቀሩትን ሦስቱን እቀንሳለሁ፣ የሞተው ተመልሶ ይመጣል» አልኩሽ። አንቺም «የሞተው ተመልሶ ይመጣል» ብለሽ ደገምሽው። ምን ማለቴ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ አፍሬ ብርጭቆዎቹን አነሳሁ። «እንግዲያ ከስልኬ ላጥፋው?» አልሽ። ስልኩን ተቀበልኩሽና እኔው አጠፋሁልሽ። ሌላ ቅጂ ሌላ ቤት ማስቀመጥ ነበረብኝ። ድምሩ ይበቃል ብዬ ተውኩት። ድምሩ ራሱ ከተሳሳተ የሚመለሰውም የተሳሳተ እንደሚሆን አውቅ ነበር፤ ግን አልነገርኩሽም።

ማሽኑ በየወሩ የመጀመሪያ ቀን ዲስኮቹን ሁሉ አንብቦ ድምሩ ልክ መሆኑን ይፈትሻል። አንቺም በዚያው ቀን መደወል ለመድሽ። «ልጄ እንዴት አደረ?» ትዪኛለሽ። «ዜሮ ስህተት ባጂ» እልሻለሁ። «አልሐምዱሊላህ» ብለሽ ትዘጊያለሽ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ኖርን፤ ያኔ ዜሮው እውነተኛ ዜሮ ነበር።

ባለፈው ዓመት በሰኔ፣ አንቺ ሳትደውዪ በቀረሽበት ወር፣ ፍተሻው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ስህተት አወጣ። ፍተሻው ድምሩና ዲስኮቹ እንዳልተስማሙ እንጂ ማን እንደዋሸ አይናገርም። ዲስክ ሊሆን ይችላል፣ ሽቦ ሊሆን ይችላል፣ የጎረቤት የሽመና ማሽኖች ሲነሱ የሚወርደው መብራት ሊሆን ይችላል። ምንም ሳልነካ ደግሜ ፈተሽኩ። ስህተቶቹ ቦታ ቀይረው መጡ። ቦታ የሚቀያይር ስህተት ብዙ ጊዜ ምንጩ ሚሞሪው፣ ማሽኑ ሲያሰላ ቁጥሮቹን ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል ነው፤ ስለዚህ ኡስታድ ረፋቃት ዘንድ ሄድኩ። አሮጌ ኮምፒውተር ተራ ውስጥ የሚጠግነውን፣ ያንን ጢሙን በሂና የሚቀባውን ሰውዬ ታውቂዋለሽ።

«ሚሞሪውን አንድ ሙሉ ቀን ሳታቋርጥ ፈትሸው» አለኝ።

«በየሁለት ሰዓቱ መብራት እየሄደ? ባትሪዬ እንደሆነ አርጅቷል።»

«እንግዲያ አውጥተህ እግሩን በላጲስ እሸው! የዚህ ከተማ ኮምፒውተር ግማሹ በላጲስ አይደል የቆመው?» ብሎ ሳቀብኝ። ወዲያው ግን ሳቁን ተወና «ስማኝ፣ ስክሪኑ ላይ ‹አስተካክል› የምትለዋን ሳጥን እንዳትነካት። ማን እንደዋሸ ሳታውቅ አትፍረድ» አለኝ።

ሚሞሪውን አውጥቼ እንደ ልጅ ደብተር በላጲስ ፈገፈግኩት፣ መለስኩት። በሐምሌ አንድ ፍተሻውን አስነሳሁ። ስልኩ ሲጮህ ማሽኑ ገና ሩቡን አላነበበም፤ ቁጥሩ ግን አርባ ደርሷል።

«ልጄ እንዴት አደረ?»

«ፍተሻው አላለቀም ባጂ።»

«ምን ሆነብኝ?» አልሽ። ባጂ፣ ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ፣ ሐኪሙ ስለ አያን የደም ምርመራ ሊነግረን ሲወጣ የጠየቅሽበት ድምፅ ነው። እንደገና ልሰማው አልቻልኩም።

«ምንም አልሆነም። ዜሮ ነው» አልኩሽ።

ስዘጋው ያልኩትን እውነት ላደርገው ፈለግኩ። ፍተሻውን አቋርጬ ሳጥኗ ላይ ምልክት አደረግኩና እንደገና አስነሳሁት። ማሽኑ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ አራት ቦታ አስተካከለ። አስተካከለ ይላል እንጂ፣ ባበደ ሚሞሪ ልክ የነበረውን ድምር በስህተት ተካው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ የለ? እኔ ደግሞ ከዚያም አልፌ የየወሩን ፍተሻ ጭራሽ አጠፋሁት። ቁጥር ማየት ፈራሁ። አንቺ መደወልሽን አላቆምሽም፣ እኔም ሳላየው «ዜሮ» ማለቴን አላቆምኩም። ማሽኑም አዲስ ነገር በጻፈ ቁጥር ድምሩ እየባሰ ሄደ።

በዚህ ዓመት ግንቦት ላይ ሦስተኛው ዲስክ ሞተ። የአያን ቪዲዮዎች ሁሉ ያሉበት ዲስክ ነበር። አዲስ ዲስክ ገዝቼ ተካሁና ማሽኑ ከድምሩ እየቀነሰ ይመልሰው ጀመር። አንድ ቀን ተኩል ፈጀ፤ በመጨረሻ አረንጓዴ ሆነ። ሰገድኩ፣ አመሰገንኩ፣ ከዚያ አምስተኛ ልደቱን ከፈትኩ። ግንባሩ መጣ። ከግንባሩ በታች ግራጫ አራት ማዕዘን ብቻ ነው። ሌላውን ስከፍት አልከፈት አለ። የማህደሮቹ ስም ጠፍቶ ፋይሎቹ በቁጥር ብቻ አንድ ቦታ ተከምረዋል። ሥራ ቀርቼ ዘጠኝ ቀን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው።

ኡስታድ ቤት ድረስ መጣልኝ። ማሽኑ ላይ አሚ የጠለፈችውን ሽፋን አየ፤ ፍሪጁንም ቴሌቪዥኑንም እንደምታለብሰው አልብሳዋለች።

«ይኼ ምንድነው፣ ሙሽራ ነው እንዴ?» ብሎ ገለጠና እጁን አስጠግቶ መለሰ። «በዚህ ሙቀት ሚሞሪው ማበዱ ይነሰው!»

አሚ በር ላይ ቆማ ኖሯል። «የልጁ ነገር እርቃኑን አቧራ ይልበስ? ዋሲፍ በገለጠ ቁጥር እኔ ነኝ የማለብሰው» አለች። ኡስታድ እኔን አየኝ፣ አሚን አየ፣ ከዚያ «ደግ አደረጉ እናቴ» አላት። ውጪ ሲደርስ ክንዴን ያዘኝ።

«ለእህትህ መብራት አቃጠለው በላት። በዚህ አገር መብራት ያላቃጠለው ምን አለ? ማን ይጠይቅሃል?»

እኔም አስቤበት ነበር። ሦስት ወር ሙሉ አሰብኩበት፤ በየወሩ መጀመሪያም ዲስኩ ሞቶ ሳለ «ዜሮ» አልኩሽ። በጠቅላላው አሥራ አራት ጊዜ ዋሽቼሻለሁ።

የሽፋኑን ነገር ለአሚ እንዳትነግሪያት፤ ይህን ብቻ እለምንሻለሁ። ሙቀቱ ሚሞሪውን አሳበደው እንጂ ልጁን የወሰደው ሙቀቱ አይደለም። በሐምሌ ስትደውዪ ዲስኮቹ ሁሉ ደህና ነበሩ። «ስህተት አለ፣ ሚሞሪ እስክቀይር ማሽኑን አጠፋለሁ» ብዬሽ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ዛሬ ይኖር ነበር። አንቺ አንድ ሳምንት ትጨነቂ ነበር፣ ያ ብቻ ነው። አንድ ሳምንት እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ይህን ያደረግኩት። ፍቅር ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬ ነበር። ፍቅርም ቢሆን ውጤቱ ይኸው።

ስለተረፈችው ልንገርሽ። ሃያ ሁለት ሰከንድ ናት። ፊቱ የለም። ስልኩ ወደ ታች ዞሯል፤ የአሚ ግቢ ንጣፍ፣ ያንቺ ጫማ ጫፍ፣ የሱ ሁለት እግር ይታያል፤ አንዱ ባዶ ነው።

«እማ፣ ጀመረ?»

«ገና ነው። መጀመሪያ ጫማህን አድርግ።»

«ስሮጥ ማሙ ዋሲፍም ያየዋል?»

«አጎትህም ያየዋል። ና፣ እግርህን ስጠኝ።»

ጎንበስ ብለሽ ታስሪለታለሽ፤ ጣቶችሽ ይታያሉ። ከዚያ «በል አሁን!» ትያለሽ፣ እሱም ይነሳል፣ እዚያው ላይ ያልቃል። ቪዲዮው ከመጀመሪያውም ሲቀዳ ነበር፤ አንቺ ለማስጀመር ስትጫኚው ያቆምሽው ይመስለኛል። ሩጫውን ማንም አልቀዳውም። ያንን ሩጫ እኔ አላጠፋሁትም ባጂ፤ ሌላውን ሁሉ ግን አጥፍቻለሁ።

ሳልቆርጥ፣ ሳላስተካክል፣ እንዳለች በትንሽ ፍላሽ አድርጌ ፖስታው ውስጥ ጨምሬያታለሁ። ወደ ስልክሽ ገልብጪያት፤ ከዚያም እንዳታጠፊያት። ሌላ ሁለት ቅጂ ሁለት የተለያየ ቤት አስቀምጫለሁ። ካየሻት በኋላ እኔን ማየት ካስጠላሽ ይገባኛል። አርብ ጣቢያው ላይ እቆማለሁ። ከባቡሩ ካልወረድሽ ለአሚ ምን እንደምላት አላውቅም፤ ውሸት ግን አልላትም።

ከእንግዲህ በወሩ መጀመሪያ ደውለሽ «ልጄ እንዴት አደረ?» ካልሽኝ፣ በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው የምነግርሽ። ዛሬ ጠዋት አይቻለሁ። ያለው አንድ ነው።

ወንድምሽ ዋሲፍ
ፋይሳላባድ