ስድስቱን እንግዶች ማን ያሳድር

ጥቅምት 4
የዩኒቨርሲቲያችን የጎረቤት አገር ጥናት ፕሮግራም ስብሰባ ላይ ዋልኩ። ከድንበር ማዶ ካለው ዩኒቨርሲቲ ስድስት ተማሪዎች ለአምስት ሳምንት ሊመጡ ነው። የእኛዎቹ አምና እዚያ ሄደው በየሰው ቤት እየኖሩ ነው የተማሩት። ሐሳቡን ያመነጨሁት እኔ ነኝ፤ «አገር በመጽሐፍ ብቻ አይጠናም፤ ከሰው ጋር ማዕድ መጋራት ያስፈልጋል» ያላልኩበት መድረክ የለም። ዛሬ «እንግዶቹን ማን ማን ይቀበላል?» ስል ግን ሁሉም ኮርኒሱን ማየት ጀመረ።

አፉን የከፈተው የታሪክ ክፍል ኃላፊው ብቻ ነው። «ክቡር ፕሬዚዳንት፣ እኔ ቤት እንግዳ ከመጣ ሶፋ ላይ የምተኛው እኔ ነኝ። ሶፋው ደግሞ ወገቡ ተሰብሯል።»

ተሳቀ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ… ባዶ ክፍሎች እንዳሉኝ ያውቃሉ።

«የግቢው እንግዳ ማረፊያ ይበቃል» አልኩ። «ለደኅንነታቸውም ይሻላል።» ተስማሙ። ለደኅንነታቸው?

ጥቅምት 5
አይደለም። ከባለቤቴ ጋር ከተኮራረፍን ሰንብተናል። እሷ ቀድማ ትበላለች፣ እኔ ዘግይቼ። በቤቱ የሚሰማው የሳህን ድምፅ ነው። ይህን ባዕድ ዓይን እንዲያየው አልፈለግሁም። ተማሪዎቼን የሰው ጓዳ እንዲያዩ ላክሁ፤ የራሴን ቆለፍሁ።

ጥቅምት 13
እንግዶቹ ገቡ። አንዷን ሳያት ክው አልኩ። አምና ልጄ ከተማሪዎቻችን ጋር ሄዳ የኖረችበት ቤት ልጅ ናት፤ በፎቶ አውቃታለሁ። ልጄ በታመመች ጊዜ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጣ ያስታመመቻት የዚህች ልጅ እናት ናት።

«ጋሼ፣ እናቴ ሰላም ብላዎታለች» አለችኝ፣ በእኛው ቋንቋ።

«እንኳን ደህና መጣሽ። ቤትሽ ነው» አልኩ። ሾፌሩ ሻንጣዋን ወደ እንግዳ ማረፊያው ይዞት ሄደ…

ጥቅምት 21
ልጄ ከምትሠራበት ከተማ ደወለች። «አባዬ፣ የት አሳደራችኋት?»

«ከጓደኞቿ ጋር ናት። ሁሉንም እኩል ማየት አለብን።»

«እነሱ እኔን እኩል አላዩኝም፣ አባዬ። ልጃቸው ነው ያደረጉኝ።»

ዘጋችው። መልሼ ለመደወል ድፍረት አጣሁ።

ኅዳር 2
በማረፊያው በኩል አለፍሁ። ስድስቱም በረንዳው ላይ ተደርድረው የዘበኛውን ሬዲዮ ያዳምጣሉ። አገራችንን ማጥናት ይህ ነው? እሷ አየችኝና ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ስልክ የማወራ መስዬ አለፍሁ። በዚህ ዕድሜዬ!

ኅዳር 9
ማዕድ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ዕቃ እያጠበች ነበር። «ያች ልጅ እዚህ ናት» አልኳት።

«አውቃለሁ። ልጅህ ነግራኛለች። አንተ እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው።»

«አፍሬ ነው።»

«በማን? በእኔ ነው በእሷ?»

እጇን በፎጣ ጠረገች። «በል ነገ ከነሻንጣዋ አምጣት።»

ከስንት ጊዜ በኋላ ይህን ያህል ተነጋገርን…

ኅዳር 10
መጣች። የልጄን ክፍል ሰጠናት። ሦስታችንም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ባለቤቴ ለእንግዳዋ አወጣችና ለእኔም ጨመረችልኝ። ለይሉኝታ ይሁን… አላውቅም።

እንደበላን የልጅቷ እናት ደወለች። ልጅቷ ትንሽ አወራቻትና ስልኩን እያመነታች አቀበለችኝ።

«ወንድሜ» አለችኝ ሴትዮዋ በቋንቋቸው፣ «ልጄን ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ቤትህ ስላኖርክልኝ እግዜር ይስጥልኝ። በደወለች ቁጥር ትነግረኛለች። ባለቤትህ እንደ እናት ናት አሉ።»

ልጅቷን አየኋት። አንገቷን ደፍታለች። እናቷ እንዳትቀየመኝ ብላ ስትዋሽልኝ ነው የከረመችው። እኔን ለመሸፈን! ያን ቀን ከበረንዳው ብድግ ያለችልኝ ልጅ…

«ምን አለችህ?» አለች ባለቤቴ፤ ቋንቋውን አትሰማም።

ምስጋናውን ተቀብሎ ስልኩን መዝጋት ቀላል ነበር። ማንም አያውቅም።

«እህቴ» አልኩ፣ «ልጅሽ ቤቴ የገባችው ዛሬ ነው። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሷ አይደለም።»

ሴትዮዋ ቀስ ብላ ጠየቀች፦ «ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበረች?»

ባለቤቴ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። ለሁለቱም በየቋንቋቸው፣ ምንም ሳላስቀር ነገርኳቸው።