የሉናው ሆድ

ድሬዳዋ፣ ግንቦት 8 ቀን 1976 ዓ.ም.

ውድ ዱዓሌ፣

አቦ፣ ምን ጉድ ነው የሠራኸኝ!

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ባለፈው ወር ከእኔ የገዛው ሉና ራዲዮ፣ ሕዝቡ ለስብሰባ ተቀምጦ ዜና ሲጠብቅ ጭጭ አለ። ሰውየው ሱቄ ድረስ መጥቶ ጮኸብኝ። "ይሄ የውሸት ሉና ነው! የጎረቤትህ የሸፊቃ ሉና ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልታመመም፤ እውነተኛው ያ ነው። አሻጥር ነው የሠራኸው!" እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሠራ ሱቁን ያሽገዋል።

እኔ መሸጥ እንጂ መፍታት መቼ አውቃለሁ? የሚፈታውም የሚገጥመውም አንተ ነበርክ። ጎረቤታችንን ሸፊቃን ለምኜ የእሷን አመጣሁና ሁለቱንም ከፈትኳቸው። የሊቀመንበሩ ከላይም ከውስጥም ሉና ነው፤ ሙቀታችን አቅልጦታል። የሸፊቃ ግን... ዱዓሌ፣ ውስጡ ቶኮ ነው! ያ ማንም ዞር ብሎ የማያየው አመዳም ቶኮ ራዲዮ፣ የሉና ልብስ ለብሶ! ከክዳኑ በስተውስጥ በእርሳስ ስምህ አለ።

"ቶኮ እንሽጥ፣ የድሬን ሙቀት የሚችለው እሱ ነው" ስትለኝ የመለስኩልህን አልረሳሁም። ጎረምሳው ሁሉ ሉና ትከሻው ላይ ካላንጠለጠለ ሰው የሆነ አይመስለውም ነበር። "ሰው የሚገዛው ስም ነው፣ ስማችንን በቆሻሻ አታበላሽ" ብዬ በደንበኛ ፊት አዋረድኩህ። አንተም በባቡር ጅቡቲ ገባህ።

ለካ ቶኮውን በሉና ቀፎ እየገጠመ የሱቃችንን ስም ያወጣው እጅህ ነው! ለምን ደበቅከኝ? ብነግረው አይሰማኝም ብለህ ነው አይደል? እውነትህን ነው፣ አልሰማህም ነበር። ዛሬም ቶኮን በገዛ መልኩ ባስቀምጠው የሚገዛኝ የለም፤ ይህንን አልዋሽህም። የሉና መልክ አንዴ ያሸጣል። ሰው እየተመለሰ የመጣው ግን በአንተ ሥራ ነበር። አፍሬአለሁ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ።

"እውነተኛ ሉና" የሚለውን ታፔላ አስጠፍቼ "ዱዓሌ እና በዛብህ" አስጽፌያለሁ። ዛሬ ጠዋት ሙመድ የሚባል የጀልዴሳ ሰው ራዲዮ ሊገዛ መጥቶ ታፔላውን አየና፣

"ዱዓሌ ደግሞ ምን ማርካ ራዲዮ ነው? ሙቀት ይችላል?" አለኝ።

"ይችላል" አልኩት። "ሰሞኑን በባቡር ይገባል።"

እባክህ አታስዋሸኝ።

ያዋረደህ ወንድምህ፣
በዛብህ