የዮናስን ኮምፒውተር አታጥፉት

ሰኞ

ወንድሜ ዮኒ፣ ኮምፒውተርህን አልነካሁትም። ሆስፒታል ስትሄድ እንደተውከው እየሠራ ነው። ያጋመስከው የውሃ ጠርሙስ እንኳ ጠረጴዛው ላይ አለ። እማዬ ልታነሳው ስትል ጮህኩባት። አንተ ብትሆን በሳቅ ታልፈው ነበር። እኔ እንዳንተ አይደለሁም።

መልካም ነገር ልጽፍልህ አይደለም የተቀመጥኩት። ተናድጄብሃለሁ። ሃርድ ዲስኩን በሙሉ በይለፍ ቃል ቆልፈኸዋል። ኮምፒውተሩ አንዴ ከጠፋ፣ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ያለዚያ ምንም አይከፈትም። በትኩሳት ተኝተህ ስለ ኳስ አወራኸኝ፣ ስለ ሆስፒታሉ ኤሲ አማረርክ፣ የይለፍ ቃሉን ግን አልነገርከኝም። እንደምትመለስ እርግጠኛ ነበርክ። ሞኝ።

ሰው ሁሉ ዊንዶውስ ይዞ በሰላም ሲኖር አንተ ሊኑክስ፣ ሊኑክስ፣ ሊኑክስ። አንዱ ስለማይበቃህ በአንድ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ሌሎች ኮምፒውተሮች ፈጠርክ። ሁለቱ ቨርቹዋል ማሽኖችህ አሁንም ክፍት ናቸው። ወንድ አያታችን ባቡር ላይ ሲሠራ ያድርባቸው በነበሩ ጣቢያዎች ስም ነው የጠራሃቸው። ደወሌ የኔ ነው፣ ትእዛዝ የምለማመድበት። አዋሽ ያንተ ነው፣ ቀኑን ሙሉ የምትኖርበት። እኔ ስገባ መስኮቱን ዝቅ ታደርገው ነበር። አሁን የሚከለክለኝ የለም፤ ግን አላየሁም። መጀመሪያ ወደ ውጭ ዲስክ ልገልብጣቸው፣ ከዚያ አያለሁ።

መብራት ሲጠፋ የዩፒኤሱ ባትሪ ትንሽ ይይዝልኛል። በዚህ ሙቀት መብራት አይጠፋም ማለት ጅቡቲን አለማወቅ ነው።

ማክሰኞ

ሰልስቱ አልፎም ለቀስተኛው አልቀነሰም። ሁሉም «እግዜር ያጽናህ» ይለኛል፣ ከዚያ ስለ ወደቡ ያወራል።

አክስቴ ብርሃኔ ከመጣች ጀምሮ ቤቱን የምታዘው እሷ ናት። ቴሌቪዥኑን በነጠላ ሸፍናዋለች። ሬዲዮ የተከፈተ እንደሆነ ጉድ ነው። ዛሬ ዓይኗ ኮምፒውተሩ ላይ አረፈ።

«ይሄ ለምን ይበራል? ለቅሶ ቤት አይደለም እንዴ?»

«ፊልም አይደለም አክስቴ። ሥራ ላይ ነው።»

«ማን ነው የሚሠራው?»

አክስቴን የምጠላት እንዲህ ስትጠይቀኝ ነው።

ቀጥሎ እማዬ መጣች። «ሚኪ፣ ያንን ነገር አጥፋልኝ። ሲያጉረመርም እሱ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ይመስለኛል። መተኛት አቃተኝ።»

አላጠፋም አልኳት። ፊቷን አዞረች። ለምን እንደማላጠፋው ላስረዳት ጀምሬ ነበር፤ «የይለፍ ቃል» ስል አልሰማችኝም።

ጋሽ ታደሰ ደግሞ ከአርባው በኋላ ኮምፒውተሩን ለትራንዚት ቢሮዬ እወስደዋለሁ አለ። የቢሮው ልጆች ባዶ አድርገው ዊንዶውስ ይጭኑበታል። «ዕቃ ዝም ብሎ ተቀምጦ መበላሸት የለበትም» ብሎ ሻዩን ጠጣ። አጎት ነው፣ ምንም አልልም። ሸሚዞችህን ለማንም ይስጡ። ይሄን ግን ውስጡ ያለውን ወደ ውጭ ሳላወጣ ማንም አይነካውም።

ረቡዕ

ወደ ትምህርት ቤቴ፣ ወደ ሊሴ ተመለስኩ። የፊዚክስ መምህሩ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ኩራዥ»፣ በርታ፣ አለኝ። ጎል የገባበት በረኛ ነኝ እንዴ?

ጓደኛዬ አብዲ ዲስክ አመጣልኝ። ዋራበሌ ሰፈር ከሚኖረው የአክስቱ ልጅ የተዋሰው ነው፤ የአክስቱ ልጅ ሲያገባ የተቀረጸው የሰርግ ቪዲዮ አለበት። «ዋርያ፣ አንተ ልጅ፣ ሰርጉን ካጠፋህ ለቅሶህን ነው የምንደርሰው» አለኝ። ከዚያ ያለው ነገር ገባውና መሬት መሬት ማየት ጀመረ። እኔ ሳቅኩ። በመሳቄ እስከ ቤት ድረስ ተናደድኩ።

ሰርጉ ዲስኩን ሊሞላው ነው። የቀረው ቦታ ለአንድ ማሽን ብቻ ይበቃል። ብዙ አላሰብኩም። የኔን እንደገና መሥራት እችላለሁ፣ ያንተን አልችልም። አዋሽን እገለብጣለሁ።

ሐሙስ

በንዴት ነው የምጽፈው።

ማሽኑ እየሠራ ከተገለበጠ ስለሚበላሽ፣ ጠዋት አዋሽን ዘጋሁት። መገልበጡን አስጀመርኩ። ዲስኩ አሮጌ ነው፣ እንደ ኤሊ ነው የሚሄደው። ወረቀት ላይ በትልቁ «አትንኩ» ብዬ ጻፍኩና ስክሪኑ ላይ ለጥፌ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ስመለስ ሳሎኑ በሹፌሮች ተሞልቷል። ከአዲስ አበባ ኮንቴይነር ጭነው የሚመጡ፣ የጋሽ ታደሰ ሰዎች። መብራት ጠፍቷል፣ ትልቁ ማራገቢያ ግን መሐላቸው ይዞራል። ገመዱን ተከትዬ ሄድኩ። ወደ ክፍላችን ይገባል። የተሰካው ዩፒኤሱ ላይ ነው። የኮምፒውተሩ መሰኪያ ወለል ላይ ወድቋል።

አክስቴን በሰው ፊት ጮህኩባት። ምን እንዳልኩ አልጽፈውም።

«ሙቀት ነው እኮ ልጄ፣ አንዱ ሰውዬ ሊወድቅ ነበር» አለች። «ወረቀትህን አይቻለሁ። አልነካሁትም። ገመዱን ብቻ ነው የነቀልኩት።»

መብራት አይጠፋብኝም ብለህ ዩፒኤስ ገዛህ። አክስቴን አላሰብክም።

መብራት ሲመጣ አንድ ሽማግሌ ሹፌር ተከትሎኝ ገባ። «መልሰህ ብትሰካው አይነሳም?» አለኝ። ሰካሁት። ተነሳ። ጥቁር ስክሪን፣ የይለፍ ቃል።

«እና ጻፍለታ» አለኝ።

«ይውጡልኝ» አልኩት። በአንቱታ አባረርኩት። ወጣ።

ዲስኩ ላይ የተገለበጠው ገና ግማሽ ነበር። አይከፈትም። ሰርጉ ግን ደህና ነው።

ዓርብ

እዚህ ዓርብ እረፍት ስለሆነ ትምህርት የለም። የይለፍ ቃሉን ስሞክር ዋልኩ። መጀመሪያ የሞከርኩት የራሴን ስም ነው። አልሆነም። ጠላሁህ። ከዚያ የእማዬን ስም፣ የቡድንህን ስም፣ ከአንድ ዓመት በላይ ያለቀስክላትን ልጅ ስም። ሁሉንም እምቢ አለ።

እማዬና አክስቴ ነገ በባቡር ድሬዳዋ ይሄዳሉ። እዚያ ያለችው ሴት አያታችን እስካሁን አታውቅም፤ መርዶ በስልክ አይነገርም። እኔ ፈተና ስላለብኝ እቀራለሁ። እማዬ ለሰው የሚሰጡትን ሸሚዞችህን እያጠፈች ነበር።

«ምን ነበረበት?» አለችኝ።

«አላውቅም። አላየሁትም።»

«ለምን?»

«በኋላ አያለሁ ብዬ።»

አንዱን ሸሚዝ አጥፋ እንደገና ዘረጋችው። «እኔ ደግሞ ከጠፋ ወዲህ ጭራሽ እንቅልፍ የለኝም» አለች።

አጥፋው ያልሽው አንቺ ነሽ ልላት አፌን ከፈትኩ። እጅጌው አልታጠፍ ብሏት እየታገለች ነበር። ሄጄ ያዝኩላት።

ቅዳሜ

ናጋድ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘኋቸው። አክስቴ ከመግባቷ በፊት «ተቀይመኸኛል?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ይሁን። ምሳህ ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ አሙቀው።»

ቤት ስገባ ማንም የለም። ካንተ ወዲህ ብቻዬን ስሆን የመጀመሪያዬ ነው። የለቅሶ ወንበሮቹን ግድግዳ ሥር ደረደርኩ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ነቅዬ ጎኑን በካቻቢቴ ፈታሁት። ውስጡ የጅቡቲ አቧራ በሙሉ ነበረበት፣ አንዴም አላጸዳኸውም ማለት ነው። ሃርድ ዲስኩን አወጣሁ። ከመዳፌ አይበልጥም። ያንተን አዋሽ፣ የኔን ደወሌ፣ ሁሉንም የያዘው ይሄ ነው። በፎጣ ጠቅልዬ ቁምሳጥኔ ውስጥ ከታች ከተትኩት። አንድ ቀን ቃሉ ይመጣልኝ ይሆናል። ላይመጣም ይችላል።

ጋሽ ታደሰ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩን መውሰድ ይችላሉ።»

«አርባው ሳይወጣ?»

«አሁን ይሻላል።»

«ባዶ ሳይደረግ ምን ያደርግልኛል?»

«ባዶ ነው።»

«ማን አደረገው?»

«እኔ።»

ከሰዓት ልጅ እልካለሁ ብሎ ዘጋው።

ጠረጴዛውን ጠረግኩ። የፊዚክስ ደብተሬን ይዤ ወንበርህ ላይ ተቀመጥኩ። እግሬ መሬት በደንብ አይደርስም። ከሥር ያለውን እጀታ ሳብኩና ወንበሩን ዝቅ አደረግኩት።