ከሀሚድ እጅ የጎረስኩት ዓሣ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱሏሂ ወበረካቱ፣ የእናቴ ልጅ እቴ አሪፋ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ያንን ሁሉ ደረጃ ያስጠርጉሻል? የጅዳ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። አለን ስልሽ ግን ሁላችንም በሙሉ አካላችን አይደለንም።

እማማ በስልክ «ሰላሀዲንን ጉንፋን ድምፁን ዘግቶት ነው» ያለችሽ ውሸት ነው። የተዘጋው መንጋጋው ነው። በመጋቢት መጨረሻ የእማ ዋሲላ ልጅ ሀሚድ መረቡ ተቀዶ አገኘው። ማን እንደቀደደው እስከ ዛሬ አልታወቀም። እሱ ግን የቀደደው ሰላሀዲን ነው ብሎ፣ ጠዋት ሐይቁ ላይ ጀልባውን አስጠግቶ ወንድማችንን በመቅዘፊያ ፊቱን መታው። ሦስት ጥርሱ ጀልባው ውስጥ ከዓሣው መሀል ተለቅሞ መጣ። ደሴ ወስደነው መንጋጋውን በሽቦ አሰሩት። የሚበላው በስትሮ የሚመጠጥ ብቻ ነው፤ የሚናገረውም በደብተር እየጻፈ ነው።

አጎታችን አብደላ የዚያኑ ዕለት ክላሹን ወለወለ። «የመንጋጋው ዋጋ ራስ ነው» አለ። ሰላሀዲን ግን «እኔ ነገም እዚያው ውሃ ላይ ነኝ። ዞር ዞር እያልኩ መረብ አልጥልም። አስታርቁኝ» ብሎ ጻፈ። ከአምባሰል፣ ከውጫሌ በላይ፣ አበጋሮች መጡ፤ ማስታረቁን ከአባት ከአያት የወረሱት። መሪያቸው ሸሁ ዱዓ አድርገው ፈረዱ። ሀሚድ ካሳውን ይስጥ፣ እናቱ ከሐይቁ የወጣ ዓሣ ትሥራ፣ ሀሚድ በእጁ የተጎዳውን ያጉርስ። ሰላሀዲን አፉ ስለማይከፈት በእሱ ፋንታ የእናቱ ልጅ ይጉረስ አሉ። እኔ ማለት ነው።

እቴ፣ አንቺ ታውቂኛለሽ። ሐይቅ ተወልጄ ዓሣ ቀምሼ አላውቅም። አባባ ዞር ሲል ድርሻዬን የምትበይልኝ አንቺ ነበርሽ። ዩኒቨርሲቲውንም አራት ዓመት ሙሉ በሽሮ ነው የጨረስኩት። ቢሆንም አንድ ጉርሻ ምን ይሆናል ብዬ ለማንም ሳልናገር ተቀመጥኩ። ጥፋቴ ይኼ ነው። ሀሚድ እጁን ሲዘረጋ ሽታው ከአፍንጫዬ ደረሰ፤ ሳላስበው እጁን ገፋሁት። ጉርሻው መሬት ወደቀ።

ከወዲያ በኩል አንዱ «ደም ነው የሚፈልጉት፣ አላየህም?» አለ። ድንጋይ ዘነበ። የሀሚድ ዘመዶች አጎታችንን ግንባሩን ፈነከቱት፤ እሱም ደሙ ዓይኑን ጋርዶት ዱላውን አነሳ። እማ ዋሲላ ሻሿን ፈታ «ተዉ» ብላ መሀል ጣለችና ራሷም ተከትላ ገባች። ዱላው ግን መውረድ ጀምሮ ነበር። ክንዷ ሲሰበር ድምፁን ሰምቼዋለሁ፤ የደረቀ እንጨት ነው የሚመስለው።

ከዚያ ወዲያ ስሜ «ተምሮ ተምሮ ደም የጠማው» ሆነ። ቤት እንደገባን ሰላሀዲን አንገትጌዬን ይዞ ከግድግዳው አጋጨኝ፤ በሽቦው መሀል እያጉረመረመ ደብተሩን ፊቴ ላይ ደቀነው። «ሆድህ ነው ልብህ?» ይላል። ሆዴ ነው አልኩት። በማግስቱ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አስገዝቶ መጣ። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ምሳ ሰዓት ፊት ለፊቴ እየተቀመጠ፣ እሱ መረቁን በስትሮ ሲመጥ እኔ ሥጋውን ጎረስኩ። ሦስት ቀን አስመለስኩ። በአራተኛው አንድ ጉርሻ ወረደ። «ጎበዝ፣ አሁን ደግሞ ሳታለቅስ» ብሎ ጻፈልኝና በአፍንጫው ሳቀ።

ሸሁ በስንት ልመና ትናንት ሐሙስ ተመለሱ። አጎታችን ግንባሩ እንደታሸገ ክላሹን ይዞ ራቅ ብሎ ቆመ፤ «ዛሬም ከገፋኸው ሽማግሌ ብለህ እንዳትጠራኝ» አለኝ። እማ ዋሲላ የተሰበረው ክንዷ ከአንገቷ ተንጠልጥሎ፣ በአንድ እጇ የሠራችውን ዓሣ ይዛ መጣች። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ሀሚድ አጎረሰኝ። እሾሁን አልለየውም ኖሮ ጉሮሮዬን ወጋኝ። አፌ ደም ደም አለ። ሳል ተናነቀኝ፤ ብስል ደግሞ ተፋው ነው የሚሉት። ከማዶ ከተቀመጡት አንዳንዱ ድንጋዩን እግሩ ሥር አድርጓል። ሰላሀዲን ጎኔ ሆኖ ጉልበቴን ጨበጠው። ከነእሾሁ ዋጥኩት። እንባዬ እየወረደ ሀሚድን «ድገመኝ» አልኩት።

እንዲያ ስለው ሰላሀዲን እግር ላይ ወደቀ። ሰላሀዲንም ትንሽ አቆይቶ አነሳው። ሸሁ ፋቲሃ አስደረጉ።

አጎታችን ግን አሚን አላለም፤ ክላሹን እንዳነገተ ሄደ። ነገ ወደ ጅዳ የምትበረዋን የጎረቤታችንን ልጅ ዑምኩልሱምን ይህን ደብዳቤ የማስይዛት ለዚሁ ነው። ይደውልልሻል፤ «ወንድሞችሽ ከጠላት እጅ በሉ» ይልሻል። የቤቱ ታላቅ አንቺ ነሽ፤ አንቺ እሺ ካላልሽው አይነሳም። እባክሽ እቴ፣ እምቢ በይው። እማማ የምትቀብረው ልጅ አትፈልግም።

እኔ ሦስት ቦታ የሥራ ማመልከቻ አስገብቻለሁ። እስኪጠሩኝ አልቀመጥም፤ ዓሣ በበረዶ አድርገን ደሴ ስለማድረስ ሰባት ገጽ ጽፌ ለሰላሀዲን ሰጠሁት፤ «መጀመሪያ መዋጥ ተማር» ብሎ መለሰልኝ። ጉሮሮዬ አሁንም ይወጋኛል።

የእማማ ዱዓ ከአንቺ አይለይም። ሰላሀዲን ሽቦው በሚመጣው ሳምንት ይፈታል፤ እስከዚያ በዚህ ወረቀት ጫፍ ላይ ስሙን ጽፎልሻል። አብራሽ ላለችው ለሀዲያ ሰላም በይልኝ። እማ ዋሲላም ሰላም በላት ብላኛለች። እሷ ከቤተሰቡ መሀል ምን አገባት እንዳትይ፤ እጇ እስኪድን እማማ ሊጧን እያቦካችላት ነው።

ወንድምሽ ሙአዊያ
ሐይቅ፣ ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.